እሳት ያነጠፋቸው ድንጋዮች
ንብርብር እሳት ወለድ ዐለቶች እንዴት እንደሚሠሩና ሊቃውንት እንዴት እንደሚከፋፍሏቸው

ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሻገር መንገደኛ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ሲወርድ ዐይኑን ወደ ገደሉ ግድግዳ ቢያነሣ፣ ምድር እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርባ ያያታል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከዚያ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይና ጀሶ፣ ወደ ታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ በየተራቸው ተነጥፈው ይታያሉ። ይህን ያየ ተማሪ «ድንጋይ የሚነባበረው አንዱ በአንዱ ላይ በየዘመኑ ሲጫንበት ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። የአሸዋውንና የኖራውን ድንጋይ ውሃና ነፋስ አምጥተው አስቀምጠውታል፤ የደጋው ባዛልትም ቢሆን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ላቫ ነውና፣ እያንዳንዱ ንጣፍ የአንድ ፍሰት ምልክት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጡ ድንጋዮች በዓለም ላይ አሉ። እነዚህ ወደ ምድር ገጽ ፈጽሞ ሳይወጡ፣ በመሬት ሆድ ውስጥ በታላቅ ጓዳ ተከማችቶ ከነበረ የቀለጠ ድንጋይ፣ ማለት ከማግማ፣ ቀስ በቀስ የረጉ ናቸው። ከላያቸው የነበረው ዐለት በዝናብ፣ በወንዝና በበረዶ ተሸርሽሮ ካለቀ በኋላ ለዐይን ሲጋለጡ፣ አንድ ወጥ መሆን ሲገባቸው እንደ ደለል ተነባብረው ይገኛሉ። በደቡብ አፍሪካ ድዋርስ ሪቨር በሚባለው ወንዝ አጠገብ ያለውን ዐለት ያየ ሰው፣ የሸማኔ እጅ ያረፈበት ይመስለዋል፤ የክሮማይት ጥቁር መስመርና የአኖርቶሳይት ነጭ መስመር እየተፈራረቁ እንደ ጥለት ተሰድረዋልና። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከአንድ ጓዳ፣ ከአንድ ፈሳሽ የረጋ ድንጋይ ማን ለይቶ አነባበረው?

ነገሩን ለመረዳት ከቤታችን እንጀምር። ቡና ከፈላ በኋላ ጀበናው ከእሳት ወርዶ ጥቂት ይቀመጣል፤ አተላው ወደ ታች እስኪወርድ፣ ቡናው እስኪሰክን ድረስ ማለት ነው። ጠላም እንዲሁ ነው። ከባዱ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ከላይ ይቀራል። ግን በቡናና በማግማ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የቡናው አተላ አስቀድሞ የነበረ ዱቄት ነው፤ በማግማ ውስጥ የሚዘቅጡት ቅንጣቶች ግን ፈሳሹ ሲበርድ ከራሱ ከፈሳሹ የሚወለዱ ክሪስታሎች ናቸው። ባዛልትን የሚሰጠው ማግማ ሙቀቱ ወደ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ሲበርድም ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጋም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ አረንጓዴው ኦሊቪን፣ አንዳንድ ጊዜም ከእርሱ ጋር ጥቁሩ ክሮማይት ብቅ ይላል፤ ፓይሮክሲንና ነጣ ያለው ፕላጅዮክሌዝ ይከተላሉ፤ በብረት የበለጸገው ማግኔታይት ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

የተወለደው ክሪስታል ከፈሳሹ ከተለየ ደግሞ የቀረው ፈሳሽ የቀድሞው አይደለም። ከድስት ውስጥ ሥጋው እየተለቀመ ሲወጣ የቀረው ወጥ ያው ወጥ እንደማይባል ሁሉ፣ ኦሊቪን ማግኒዚየሙን ይዞ ሲሄድ የቀረው ማግማ በማግኒዚየም እየደኸየ፣ ብዙውን ጊዜም በብረት እየበለጸገ ይሄዳል። ቀጥሎ የሚረጋው ድንጋይም በዚያው መጠን ይለወጣል። በዋሽንግተን በካርኔጊ ተቋም የምርምር ቤት ይሠሩ የነበሩት ካናዳዊው ኖርማን ቦወን በ1915 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን በእቶን ፈትነው አሳዩ። ያቀለጡትን ድንጋይ በልክ አቀዝቅዘው ድንገት ሲያረጉት፣ የኦሊቪን ክሪስታሎች ከዕቃው ግርጌ ተከማችተው ተገኙ። በጣት በሚያዝ ዕቃ የሆነው ነገር ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ባለው ጓዳ ውስጥም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ግን ይህን በተፈጥሮ መጽሐፍ ላይ ገልጦ የሚያሳይ ስፍራ ያስፈልግ ነበር።

ስፍራው የተገኘው በበረዶ አገር ነው። በ1930 አንድ የእንግሊዝ አሳሽ ቡድን በመርከብ ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ሲሄድ፣ ሎረንስ ዌጀር የሚባሉ ወጣት የሥነ ምድር ሊቅ አብረው ነበሩ። ካንገርሉሱዋቅ ከሚባለው የባሕር ሰርጥ አጠገብ ሲደርሱ በተራራው ገጽ ላይ ጥቁርና ነጣ ያለ መስመር በሥርዓት ተደርድሮ አዩ። ዳርቻው በዴንማርክ ቋንቋ ስኬርጋርድ ይባላል፤ ትርጓሜውም ትናንሽ ደሴቶች የበዙበት ዳርቻ እንደ ማለት ነው። ሩቅ ሆኖ ሲያዩት ደለል ይመስላል፤ ቀርበው በመዶሻ ሲፈነክቱት ግን ጋብሮ ነው፤ ይኸውም በመሬት ሆድ የረጋ እሳት ወለድ ዐለት።

ዌጀር እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚያልፍ ሰው አልነበሩም። በ1933 ከፐርሲ ዊን ሃሪስ ጋር ሆነው ያለ ኦክሲጅን በኤቨረስት ተራራ ላይ ወደ 8,570 ሜትር ከፍታ ደርሰው የተመለሱ ናቸውና፣ ብርድና ገደል የሚበግራቸው አይመስልም። በ1935 ከባለቤታቸው፣ ከወንድማቸው፣ ዊልያም ዲር ከሚባሉት የድንጋይ ሊቅና ከሌሎች ጋር ወደ ግሪንላንድ ተመለሱ። ፀሐይ ለሳምንታት ከአድማስ በላይ ብቅ የማትልበትን የጨለማ ወራት እዚያው አሳልፈው፣ ብርሃን በሆነ ጊዜ እያንዳንዱን መስመር እየተከተሉ ለኩ፣ ናሙና ሰበሰቡ፣ ካርታ ነደፉ። ዌጀርና ዲር ውጤቱን በ1939 ያሳተሙት መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የጻፈ ሁሉ ሳይጠቅሰው የማያልፍ ሆነ።

ያገኙት ምን ነበር? ከ55 እስከ 56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወደ ምድር ቅርፊት የገባ የአንድ ማግማ ጓዳ ሙሉ ታሪክ ነው። የስኬርጋርድ ዐለት ስፋቱ ወደ 8 ኪሎ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነውና ከሌሎቹ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው። ትንሽነቱ ግን በጀ፤ ጓዳው አንድ ጊዜ ከሞላ በኋላ አዲስ ማግማ እንደ ልብ አልተጨመረበትምና ታሪኩ አልተደበላለቀም። ከወለሉ ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ የተነባበረ ዐለት እየቈጠረ ይወጣል። ከጣሪያውም ወደ ታች የረጋ ሌላ ክፍል አለ፤ ከግድግዳው ወደ ውስጥ የረጋም አለ። ከታች የመጣውና ከላይ የመጣው የሚገናኙበትን የመጨረሻ ስፍራ እንግሊዞች በሳንድዊች መስለው ሰይመውታል። እኛ ብንሆን ምናልባት በሌላ ምግብ እንመስለው ነበር።

በዚህ ዐለት ላይ ሊቃውንቱ ሦስት ዓይነት ንብርብር ለይተዋል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ለተማሪ ዋናው ቁም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ማንም ሰው በዐይኑ የሚያየው ነው። ማዕድኖቹ እነዚያው ሆነው መጠናቸው ብቻ ይፈራረቃል። ከአንዱ መስመር ግርጌ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን ስለሚበዙ ይጠቁራል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ፕላጅዮክሌዝ እየበዛ ይነጣል፤ ከዚያ እንደ ገና በድንገት ጥቁር ይጀምራል። አንዱ መስመር ከጣት ያነሰ ወይም ከሰው ቁመት የበለጠ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ንብርብር የሚታወቀው አንድ ማዕድን ሲገባ ወይም ሲወጣ ነው። በስኬርጋርድ ከታች ኦሊቪንና ፕላጅዮክሌዝ ነበሩ፤ ከፍ ሲል አውጋይት የሚባለው ፓይሮክሲን ገባ፤ ከዚያ ማግኔታይትና ኢልሜናይት ገቡ፤ መካከል ላይ ኦሊቪን ጠፋ፤ እንደ ገና ከላይ ተመለሰ፤ በመጨረሻም ፎስፎር ያለበት አፓታይት መጣ። የዐለቱን የታች፣ የመካከልና የላይ ክፍል የሚለዩት በእነዚህ መግቢያና መውጫ በሮች ነው።

ሦስተኛው ግን በዐይን ፈጽሞ አይታይም፤ ስለዚህም ስውር ንብርብር ተባለ። የማዕድኑ ስም ሳይለወጥ የውስጥ ቅመሙ ይለወጣል። ኦሊቪን ማግኒዚየምም ብረትም ይይዛል፤ በስኬርጋርድ ከታች ያለው ኦሊቪን ከሁለቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ማግኒዚየም ሲሆን፣ ከላይ ያለው ግን ማግኒዚየሙ ተሟጦ ብረት ብቻ ወደ መሆን ይደርሳል። ፕላጅዮክሌዝም ከታች በካልሲየም፣ ከላይ በሶዲየም ይበለጽጋል። ይህ ቀስ እያለ ያለ ማቋረጥ የሚሄድ ለውጥ ዐለቱ ሁሉ ከአንድ እየበረደ ከሚሄድ ፈሳሽ የወጣ ስለ መሆኑ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። ለውጡ በድንገት ወደ ኋላ የተመለሰበት ዐለት ሲገኝ ደግሞ፣ በዚያ ሰዓት ትኩስ ማግማ ወደ ጓዳው እንደ ገባ ይታወቃል። አንድ የቢሮ ጸሐፊ የመዝገቡን ቀኖች አይቶ የጠፋ ገጽ እንደሚያውቅ ያህል ነው።

ስለ ስም ደግሞ ጥቂት እንበል፤ ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚሰለቹት በዚህ ነውና። የእነዚህ ድንጋዮች ስም ብዙ ይመስላል እንጂ ሥርዐቱ ቀላል ነው። ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲንና ፕላጅዮክሌዝ በሦስት ማዕዘን ጫፎች ላይ እንደ ተቀመጡ አድርጎ ማሰብ ነው። ስዊሳዊው አልበርት ሽትሬክአይዘን የመሩት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1970ዎቹ ያጸደቀው አከፋፈል በዚህ ላይ የቆመ ነው። ከመቶ ዘጠና በላይ ኦሊቪን ከሆነ ዱናይት ይባላል፤ በኒው ዚላንድ ዳን ከሚባል ተራራ የተወሰደ ስም ነው። ከመቶ ዘጠና በላይ ፕላጅዮክሌዝ ከሆነ አኖርቶሳይት ነው። ፓይሮክሲን ብቻ የሚመስለው ፓይሮክሲናይት ይባላል። ፕላጅዮክሌዝ ከካልሲየማዊ ፓይሮክሲን ጋር ሲሆን ጋብሮ ነው፤ ይህም የአንድ ኢጣልያ መንደር ስም ነው። ካልሲየም ከሌለው ፓይሮክሲን ጋር ሲሆን ኖራይት ይባላል፤ በኖርዌይ ስም። ፕላጅዮክሌዝ ከኦሊቪን ጋር ሲሆን ትሮክቶላይት ነው፤ ነጩ ላይ የፈሰሰው ጥቁር ነጠብጣብ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ቆዳ መስሏቸው ያወጡለት ስም ነው።

ይህ አከፋፈል ድንጋዩ ምን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ እንዴት እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። ስለዚህ ዌጀር፣ ማልኮም ብራውንና ዋድስዎርዝ በ1960 ሌላ አከፋፈል አቀረቡ። መነሻቸው እንዲህ ነው። ክሪስታሎች በጓዳው ወለል ላይ ሲከመሩ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፤ ጆንያ ውስጥ በተከመረ ባቄላ መካከል አየር እንደሚቀር ማለት ነው። በክፍተቱ ውስጥ ያለው ግን አየር ሳይሆን ፈሳሽ ማግማ ነው። ድንጋዩን ክምር ከሚል የላቲን ቃል ኩሙሌት አሉት። ፈሳሹ ክምሩ ውስጥ ታስሮ በዚያው ከረጋ ኦርቶኩሙሌት ይባላል። ፈሳሹ ከላይ ካለው ማግማ ጋር እየተለዋወጠ ክሪስታሎቹ ክፍተቱን እስኪዘጉ ድረስ ካደጉና የታሰረው እጅግ ጥቂት ከሆነ አድኩሙሌት ይባላል፤ በኋላ በተወሰነው ልክ መሠረት ከ93 በመቶ በላይ ክምር የሆነው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሜሶኩሙሌት ነው። እንግዲህ አንድ ድንጋይ በአንድ ፊት ኖራይት፣ በሌላ ፊት አድኩሙሌት ሊባል ይችላል፤ አንድ ሰው በሙያው መሐንዲስ፣ በትውልዱ ደግሞ ጎንደሬ እንደሚባል ነው። ዌጀር በ1965 ቢሞቱም፣ ከብራውን ጋር የጀመሩት ስለ ንብርብር እሳት ወለድ ዐለቶች የሚናገረው ታላቅ መጽሐፍ በ1968 ታትሟል።

ስኬርጋርድ መማሪያ ከሆነ ቡሽቬልድ ደግሞ ሀብት ነው። በደቡብ አፍሪካ ከፕሪቶሪያ በስተ ሰሜን የተዘረጋው ይህ ዐለት በዓለም ላይ ከታወቁት ንብርብር እሳት ወለዶች ሁሉ ትልቁ ነው። ዕድሜው ከ2 ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል፤ ውፍረቱ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ሜትር፣ የተዘረጋበት ስፋት ወደ 65,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ከታች ዱናይትና ፓይሮክሲናይት፣ ከዚያ ኖራይትና አኖርቶሳይት፣ ከላይ ማግኔታይት ያለበት ጋብሮ ይከታተላሉ። ዓለም አይዝግ ብረት የሚሠራበት ክሮም፣ ብረትን የሚያጠነክርበት ቫናዲየም፣ የመኪና ጭስ የሚያጣራበት ፕላቲነም ከዚህ በብዛት ይወጣል። የሚገርመው ሦስቱም ሀብት የሚገኘው በዐለቱ ሁሉ ተበትኖ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ ከአንድና ከሁለት ሜትር በማይበልጡ ስስ ንጣፎች ውስጥ መሆኑ ነው።

ስለ ክሮማይት ንጣፍ እናስብ። አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ከሞላ ጐደል ንጹሕ የሆነ የክሮማይት ንጣፍ ለመሥራት ስንት ማግማ ያስፈልጋል? በማግማ ውስጥ ያለው የክሮም ኦክሳይድ ከመቶ አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ሒሳቡን ያሰላ ሰው፣ ያለው ክሮም አንድ ሳይቀር ቢራገፍ እንኳ፣ ብዙ መቶ ሜትር ውፍረት ያለው ማግማ እንደሚያስፈልግ ያገኛል። ደግሞስ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን በዚያ ጊዜ የት ሄደው ክሮማይት ብቻውን ረጋ? ካናዳዊው ኒል ኧርቪን በ1977 ያቀረቡት መልስ እስካሁን ከሚከበሩት አንዱ ነው። በጓዳው ውስጥ በነበረው የበረደ ማግማ ላይ ትኩስ ማግማ ሲጨመርና ሁለቱ ሲቀላቀሉ፣ ድብልቁ ለጊዜው ክሮማይትን ብቻ የሚያረጋ ይሆናል አሉ። ግፊቱ በመለወጡ ነው የሚሉም አሉ። ክሪስታሎቹ በሌላ ስፍራ ከረጉ በኋላ እንደ ጭቃ ተንሸራተው መጥተው፣ በሰፌድ እንደሚንገዋለል እህል ከባዱ ከቀላሉ ተለየ የሚሉም አልጠፉም።

ፕላቲነሙም የራሱ ታሪክ አለው። በ1924 አንድሪስ ሎምባርድ የሚባል ገበሬ ከደረቅ ወንዝ አሸዋ አጥቦ ያገኘውን ከባድ ነጭ ቅንጣት ተከትለው፣ የሥነ ምድር ሊቁ ሃንስ ሜረንስኪ ንጣፉን ደረሱበት። ዛሬም የሜረንስኪ ንጣፍ ይባላል። በማግማ ውስጥ ድኝ ሲበዛ፣ ዘይት ከውሃ እንደሚለይ ሁሉ የብረትና የድኝ ጠብታዎች ከፈሳሹ ይለያሉ፤ ፕላቲነምም ከቀረው ማግማ ይልቅ እነዚህን ጠብታዎች በብዙ ሺህ እጥፍ ይመርጣልና ተለቅሞ ወደ እነርሱ ይገባል። ያም ሆኖ ከአንድ ቶን ድንጋይ የሚገኘው ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ንጣፉ ግን በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ይከተሉታል።

እዚህ ላይ የድንጋዩ ቅርጽ የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚወስን ሳያስተውሉ ማለፍ አይገባም። ንጣፉ ስስ ስለ ሆነ፣ ከላይና ከታች ያለው ዐለት ደግሞ ዋጋ ስለሌለው፣ የሚቈፈረው ዋሻ ከአንድ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ከፍታ ይኖረዋል። ሠራተኛው መሬት ለመሬት በጥልቀት ወርዶ፣ ጐንበስ ብሎ ወይም ተቀምጦ፣ የሚያንቀጠቅጠውን መሰርሰሪያ ተሸክሞ ይውላል። በነሐሴ 2012 በማሪካና የፕላቲነም ማዕድን ለደመወዝ ጭማሪ ሥራ ያቆሙት በአብዛኛው እነዚህ መሰርሰሪያ ያዦች ነበሩ፤ በወሩ 16ኛ ቀን ፖሊስ 34 ሰዎችን ተኩሶ ገደለ። ማሪካና ያለችው በቡሽቬልድ ምዕራባዊ ክንድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ክሪስታሎቹ በእርግጥ እንደ ቡና አተላ ዘቅጠው ነውን? ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ አዎን ይሉ ነበር። ኦሊቪን ከማግማው ይከብዳል፤ ክሮማይት ደግሞ እጅግ ይከብዳል፤ ቅንጣቱ ሁለት እጥፍ ሲተልቅ የመስመጡ ፍጥነት አራት እጥፍ እንደሚሆንም የታወቀ ሕግ ነው። ግን ፕላጅዮክሌዝ ነገሩን አበላሸው። በ1970 ገደማ የማግማ ክብደት በትክክል መሰላት ሲጀምር፣ በብረት የበለጸገው የስኬርጋርድ ማግማ ከፕላጅዮክሌዝ የሚከብድ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ከሆነ ፕላጅዮክሌዝ እንደ ቅቤ መንሳፈፍ ነበረበት፤ እርሱ ግን በወለሉ ላይ በነጭ መስመር ተኝቷል። ከዚህም በላይ ንብርብሩ በቆመው ግድግዳ አጠገብም አለ፤ አተላ በጀበና ግድግዳ ላይ አይነባበርም። ስለዚህ በኦሬገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አሌክሳንደር ማክበርኒ ከሪቻርድ ኖይስ ጋር በ1979 ባወጡት ጽሑፍ፣ ብዙዎቹ ክሪስታሎች ከየትም አልዘቀጡም፣ እዚያው በወለሉና በግድግዳው ላይ በቅለው ያደጉ ናቸው ሲሉ ተከራከሩ።

ክርክሩ ስሞችንም ነካ። ኩሙሌት የሚለው ስም ሲወጣ ፍርዱን ይዞ ነበር፤ ክምር ያልከው ነገር ተከምሯል ብለህ ፈርደሃልና። ኧርቪን በ1982 ቃሉን አሻሽለው፣ ስሙ የሚሰጠው በድንጋዩ መልክና አሠራር ብቻ እንጂ ክሪስታሉ ስለ ዘቀጠ ወይም እዚያው ስላደገ እንዳይሆን ወሰኑ። በእኔ አስተያየት ይህ ትንሽ የሚመስል እርማት ከብዙ ግኝት ይበልጣል፤ ያዩትንና የገመቱትን በአንድ ቃል የሚያስሩ ሰዎች በድንጋይ ጥናት ብቻ የሚገኙ አይደሉምና።

የቅርብ ጊዜው ክርክር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ1939ም ሆነ በ1968 የተጻፉት መጻሕፍት የታችኛው ንጣፍ ከላይኛው ይቀድማል ብለው የተነሡ ነበሩ። ጄምስ ማንጋልና ባልደረቦቻቸው በ2016 ከቡሽቬልድ ንጣፎች ዚርኮን የሚባለውን ማዕድን እየለቀሙ፣ በውስጡ ያለው ዩራኒየም ወደ እርሳስ የተለወጠበትን መጠን ለክተው የየንጣፉን ዕድሜ አወጡ። ዕድሜዎቹ ከታች ወደ ላይ በተራ አልሄዱም። ከታች ያለ አንዳንድ ንጣፍ ከላዩ ካለው የሚያንስ ሆኖ በመገኘቱ፣ በረጋው ድንጋይ መካከል በኋላ ሰርጎ የገባ ማግማ ነው አሉ። እንዲህ ከሆነ አንድ ታላቅ በፈሳሽ የተሞላ ጓዳ የሚለው ሥዕል ይፈርሳል፤ በቦታው የሚቆመው አብዛኛው ከክሪስታል የተሠራ፣ እንደ ገንፎ የወፈረ ክምችት ነው። በጆሃንስበርግ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ራይስ ላቲፖቭ በበኩላቸው ይህን አይቀበሉም፤ ትልቁ የማግማ ጓዳ ነበረ፣ ንጣፎቹም በወለሉ ላይ በተራ ረግተዋል ብለው ማስረጃ ይደረድራሉ። ክርክሩ ለማዕድን ፈላጊም ባዶ ነገር አይደለም። ንጣፉ ከወለል ላይ በተራ የረጋ ከሆነ በጓዳው ሙሉ ስፋት ይፈለጋል፤ በኋላ ሰርጎ የገባ ከሆነ ግን መንገዱንና መቆሚያውን ለይቶ መከተል ያሻል።

በአገራችንስ? እንደ ቡሽቬልድ ያለ ነገር አለን ብሎ ማጋነን አይገባም። ፕላቲነም ግን አለን። በወለጋ፣ በቢርቢር ወንዝ ሸለቆ፣ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ፕላቲነም ሲታጠብ ኖሯል። የዩብዶ ዐለት ከሩቅ ዘመድ የሚቈጠር ነው፤ ዱናይትና ፓይሮክሲናይት አሉበት፤ አሰላለፉ ግን እንደ ምንጣፍ ሳይሆን እንደ እንቁላል ነው። ዱናይቱ እንደ አስኳል መካከል ሆኖ ፓይሮክሲናይቱ ዙሪያውን ከቦታል። እንዲህ ያሉ ክብ ዐለቶች በሩስያ ኡራል ተራሮችና በአላስካም ይገኛሉ፤ ስለዚህ ሊቃውንት ከነዚያ ጋር ይመድቧቸዋል። በዩብዶ ፕላቲነሙ በአብዛኛው የተገኘው በስስ ንጣፍ ታስሮ ሳይሆን፣ ዱናይቱ ከበሰበሰበት ቀይ አፈርና ከወንዙ ጠጠር ነው። ስለዚህ በዩብዶ የሜረንስኪን ዓይነት ንጣፍ ለመፈለግ ጉድጓድ የሚያስቈፍር ሰው ቢኖር፣ የድንጋዩን ስም እንጂ አሰላለፉን አላነበበም ይባላል። በግምቢ አካባቢ ቢክላል የሚባለው ጋብሮ ደግሞ ብረት፣ ቲታኒየምና ፎስፎር በብዛት ያለበት ክፍል አለው፤ በስኬርጋርድ ዘግይተው የገቡት ማግኔታይት፣ ኢልሜናይትና አፓታይት እዚህም አብረው ይታያሉ።

የዩብዶው ዱናይት ለዘመናት በዝናብ ሲታጠብ ማግኒዚየሙ ተሟጦ ይሄዳል፤ ብረትና ሲሊካ ብቻ የቀረበት ቡናማ ጠንካራ ድንጋይ ከላዩ ይሸፍነዋል። የኡራልን ፕላቲነም ያጠኑት የጄኔቫው ሊቅ ሉዊ ዱፓርክ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1927 ይህን ድንጋይ እንደ አዲስ ዐለት አድርገው ሲጽፉ ከወንዙ ስም ወስደው ቢርቢራይት አሉት። ጋብሮ የኢጣልያን መንደር፣ ዱናይት የኒው ዚላንድን ተራራ ሲያስጠራ፣ በሥነ ምድር መዝገበ ቃላት ውስጥ የወለጋው ወንዝም በዚህ ስም ይጠራል።